ቋንጣ ለምን አይበሰብስም?

በዛሬው እትማችን ስለ ቋንጣ ልጽፍላችሁ ነው። «ቋንጣን ደግሞ ማን የማያውቅ አለ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ጥሬ ሥጋ በሁለትና በሦስት ቀን ሲሸት ቋንጣ ወር የሚቆየው ለምንድን ነው?

ይህን ማወቅ ይጠቅመናል። በአዲስ ቅዳም ፍሪጅ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ያለው ቤትም መብራት ይጠፋበታል። ለገና ወይም ለፋሲካ ቅርጫ ገብተን የምናመጣው ሥጋ ብዙ ብር የወጣበት ነው። ከተበላሸ ብሩም ይጠፋል፣ ሆድም ይታመማል። በእኛ ቤት ደግሞ ቋንጣ ስንቅ ነው፤ እንጅባራ ለሚማረው ወንድሜ ከበሶ ጋር ይላክለታል።

አሠራሩ

እናቴ የምትሠራው እንዲህ ነው።

1. ቀይ ሥጋ ትመርጣለች። ጮማውን ታወጣለች፤ ጮማ እንደ ቀዩ ሥጋ አይደርቅም፣ ሲቆይም ይከረፋል።
2. እጇንና ቢላዋውን ታጥባ ሥጋውን በስሱ በረጅሙ ትዘለዝላለች።
3. ለ1 ኪሎ ሥጋ 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨው፣ በርበሬና ትንሽ ኮረሪማ ታሸዋለች።
4. ዝልዝሉ እርስ በርሱ እንዳይነካካ አራርቃ ከምድጃው በላይ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች።

በበጋ 4 ወይም 5 ቀን ይበቃዋል። በክረምት ግን የእኛ አገር ዝናብና ጉም ስለማይለቅ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። መድረቁን ለማወቅ ጎንበስ አድርጉት፦ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ እንደ ጎማ ከተለመጠ ገና ነው።

ምክንያቱ

ጥሬ ቀይ ሥጋ ከ100 እጅ 75 ያህሉ ውሃ ነው። ባክቴሪያ ደግሞ ያለ ውሃ አይራባም። ጨው ውሃውን ከሥጋው ይስባል፤ ነፋሱና የምድጃው ሙቀት ያደርቀዋል። ጭሱም ዝንብ ያባርራል፣ ባክቴሪያንም ያዳክማል። ለዚህ ነው 4 ኪሎ ሥጋ ሰቅለን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የምናወርደው። ድመት በላው እንዳትሉ፣ የሄደው ውሃው ነው!

ቋሊማስ?

ጀርመኖች በቋሊማ የታወቁ ናቸው፤ ለቁርስም ይበሉታል። በአገራችንም በሐረር አካባቢ ይሠራል። ቋሊማ የተፈጨ ሥጋ ከጨውና ከቅመም ጋር ተለውሶ በታጠበ አንጀት ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚሠራ ነው። ግን ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፣ አየርም አያገኝም። አየር በሌለበት የሚያድግ አንድ ባክቴሪያ አለ፤ መርዙ የሚያመጣው በሽታ ቦቱሊዝም ይባላል። ስሙ የመጣው «ቦቱሉስ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ቋሊማ ማለት ነው። እናቶቻችን ሥጋውን በስሱ መዘልዘላቸው ለካ ትልቅ ጥበብ ነው!

ጥንቃቄ

• በእኛ ወረዳ የዲከረንስ ከሰል ሞልቷል። ግን ቋንጣ እናድርቅ ብላችሁ ቤት ዘግታችሁ ከሰል እንዳታነዱ። ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል።
• የሻገተ ቋንጣ አጥቦ መብላት አይገባም፤ ይጣል።
• የደረቀውን በፌስታል አትቋጥሩት፣ ያልበዋል። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ደረቅ ማሰሮ ይሻላል።
• «ደርቋል እኮ» ብላችሁ ሳይበስል አትብሉት። የኮሶ ትል ከጥሬ የከብት ሥጋ ይመጣል፤ የሚያስተማምነው በደንብ ማብሰል ነው።

የደረሰውን ቋንጣ ሰባብሮ በሽንኩርት፣ በበርበሬና በቅቤ ቁሌት አብስሎ እንጀራ ቢፈረፍርበት ከዚያ የሚበልጥ ቁርስ የለም። እስቲ እናንተም እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ በእናንተ ቤት ቋንጣ ስንት ቀን ይሰቀላል? መልሳችሁን ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ቸር ሰንብቱ!