ካሜራን ወደ ሐረር መመለስ፤ የጄሲካ በሺር የዘጋቢ ፊልም ሥራ

የፊልም ባለሙያ የሥራ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በፊልሞቹ ብዛት ነው። ጄሲካ በሺር በዚህ መለኪያ አይያዙም፤ የመጀመሪያ ረጅም ፊልማቸው ብቻ አሥር ዓመት ገደማ ወስዷል።

ከሜክሲኳዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት በሜክሲኮ ሲቲ የተወለዱት በሺር ያደጉት በሐረር ነው። ቤተሰባቸው በፖለቲካው ትርምስ ምክንያት ከአገር ሲወጣ የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። በሎስ አንጀለስ ፊልምና ሥነ ጽሑፍ ካጠኑ በኋላ ኑሯቸውን በኒው ዮርክ አደረጉ። ለዘመድ ጥየቃ ወደ ሐረር ሲመለሱ፣ ቡና ይለማበት የነበረው ማሳ በጫት ተሸፍኖ አገኙት።

እ.ኤ.አ. በ2017 ለእይታ የበቃው «ሐይራት» አጭር ፊልማቸው በየምሽቱ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ የሚመግቡትን ዩሱፍ ሙሜ ሳሌህን ይከተላል። ጎብኚ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚሄድበትን ትርኢት በሺር የሰውየው ብቸኝነት መግለጫ አድርገውታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የታየው «ፋያ ዳዪ» የሁለት ሰዓት ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ ራሳቸው ቀርጸውታል። ተራኪ ባለሙያ የለም፤ አኃዝም የለም። ጫት ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ያለበት ቅጠል በመሆኑ የሠራተኛው ጥድፊያ፣ ከቃሚው የምርቃና ዝምታ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ከመካከሉም የሕይወትን ውኃ፣ ማኡል ሐያትን፣ ፍለጋ የሚተርክ የሱፊዎች አፈ ታሪክ ይሰማል። አረንጓዴነቱ ዋጋው የሆነውን ቅጠል በጥቁርና ነጭ መቅረጽ ድፍረት ነው፤ ተመልካቹ ከቅጠሉ ይልቅ እጆቹንና ፊቶቹን እንዲያይ ያስገድዳል።

ይህ አሠራር ዋጋ ያስከፍላል። የጫትን ንግድ ለሚያጠና ተማሪ ፊልሙ ቡና ለምን እንደተተወ በቂ ማስረጃ አይሰጠውም፤ ገበሬው ከአንድ እስር ምን እንደሚያገኝም አይነግረውም። በአንጻሩ ቃለ መጠይቅ የማያወጣውን ነገር ያወጣል፦ አባቱ በጫት የተያዘበት ታዳጊ፣ ባሕር ተሻግሮ ስለመሄድ ለራሱ እንኳ በግልጽ ያልመለሰውን ጥያቄ። እንዲህ ያለ ንግግር በካሜራ ፊት የሚገኘው፣ ካሜራዋን የያዘችው ሴት ለዓመታት ስትመላለስ ከቤተኛ ስትቆጠር ይመስለኛል። በሺርም በዚያው ዕድሜ አካባቢ ከሐረር የወጡ ናቸው።

ፊልሙ በስዊዘርላንዱ ቪዥን ዱ ሬኤል ፌስቲቫል ታላቁን የዳኞች ሽልማት አገኘ፤ ለኦስካር የዘጋቢ ፊልም ዘርፍም ከተመረጡት 15 ፊልሞች አንዱ ሆነ። በአቦከርም ሆነ በሸንኮር ለሚኖር ሰው ግን በፊልሙ የሚታየው ከሰዓት በኋላ በየቤቱ የሚያልፍበት ኑሮ ነው።