ዓለም በሯን ዘግታ ገበያው የወጣበት ዓመት
የወረርሽኝና የአክሲዮን ገበያ ተረትና እውነታ

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020 ሰኞ ጠዋት፣ ኒው ዮርክ። የ500 ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳየው ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ የገበያው ደወል ከመደወሉ ከ7 በመቶ በላይ ወረደ። በደንቡ መሠረት ግብይቱ ለ15 ደቂቃ ቆመ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ ዋዜማውን እሑድ ወለዱን ወደ ዜሮ አስጠግቶት ነበር፤ ገበያውን ግን አላረጋጋውም። ማታ ሲዘጋ መለኪያው 12 በመቶ ገደማ ወርዷል። ከ1987 ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አልታየም ነበር።

በሳምንቱ ማርች 23 የግብይት አዳራሹ በኮቪድ ሥጋት ተዘጋ፤ ደላሎቹ ቤታቸው ገቡ፤ ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ሆነ። ዋጋው ሽቅብ ማለት የጀመረው አዳራሹ ወና በሆነ ማግሥት ነው። ያ ግራ የሚያጋባ ዓመት ትቷቸው የሄደ እምነቶች ዛሬም ከሰው አፍ አልጠፉም።

ተረት፦ ወረርሽኝ ከገባ ገበያው ለዓመታት አያንሰራራም

እውነታው፦ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020 በ3,386 ነጥብ ክብረ ወሰን ላይ ነበር። ማርች 23 ላይ 2,237 ደረሰ፤ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 34 በመቶ ተናደ ማለት ነው። ኦገስት 18 ላይ ግን የቀድሞውን ክብረ ወሰን አልፎ ተገኘ፤ ዓመቱንም በ16 በመቶ ጭማሪ ዘጋ። በአንጻሩ በ2007 መገባደጃ መውረድ የጀመረው ገበያ ከባንኮች ቀውስ አገግሞ የቀድሞ ቦታው የተመለሰው በ2013 ነው።

ልዩነቱን ያመጣው የቫይረሱ ቀላልነት አይደለም። በዚያው ማርች 23 ፌዴራል ሪዘርቭ የመንግሥት ቦንድ ያለ ገደብ እንደሚገዛ አስታወቀ፤ በአራተኛው ቀን የ2.2 ትሪሊዮን ዶላር የድጎማ ሕግ ተፈረመ። ይህ ባይኖር ኖሮ መንገዱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ «በአምስት ወር ይመለሳል» ብሎ መደምደምም ራሱን የቻለ ተረት ነው። ኢትዮጵያውያን የኅዳር በሽታ የሚሉት የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ሲፈጅም ዳው ጆንስ የተባለው መለኪያ ዓመቱን የዘጋው 10 በመቶ ያህል ጨምሮ ነው፤ ያኔ ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነበር።

ተረት፦ ሰው ሥራ አጥቶ አክሲዮን መወደዱ ገበያው ማበዱን ያሳያል

እውነታው፦ በኤፕሪል 2020 በአሜሪካ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሥራ ወጣ፤ የሥራ አጡ መጠን ወደ 15 በመቶ ተጠጋ። በዚያው ወር ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 13 በመቶ ጨመረ፤ ከ1987 ወዲህ ምርጡ ወር ሆነ። ነገሩ ስድብ ይመስላል። ሁለት ምክንያት ግን አለው።

አንደኛው፣ የአክሲዮን ዋጋ የዛሬን ሐዘን አይቆጥርም፤ ኩባንያው በሚመጡት ዓመታት ያተርፋል ተብሎ የሚጠበቀውን ይቆጥራል። ሁለተኛው፣ መለኪያው ውስጥ ማን አለ የሚለው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪት ላይ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በዚያ ማርች ወንበራቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ምግብ በፌስታል ብቻ እንዲሸጡ ሲገደዱ፣ ኪሳራቸው በኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ አንድም ነጥብ አላነቃነቀም። አማዞን፣ አፕል፣ ማይክሮሶፍት፣ አልፋቤትና ፌስቡክ ግን አምስት ብቻ ሆነው ከመለኪያው አንድ አምስተኛውን ይይዙ ነበር። ቤቱ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ደንበኛቸው ነው።

ተረት፦ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ኩባንያ አክሲዮኑ አያከስርም

እውነታው፦ ትምህርቱም፣ ስብሰባውም፣ ለቅሶ መድረሱም በዙም በሆነበት በዚያ ሰሞን «ዙም» የሚል ስም ያየ ሁሉ ይገዛ ጀመር። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ብዙዎች የገዙት ዙም ቴክኖሎጂስ የተባለ፣ ከ2015 ወዲህ የሒሳብ ሪፖርት ያላቀረበ ሌላ ኩባንያ ነበር። የገበያ መለያ ምልክቱ «ዙም» ስለሚል ብቻ ዋጋው ብዙ እጥፍ ተተኮሰ። በማርች መጨረሻ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግብይቱን አገደው።

ትክክለኛውን ዙም የገዙትም ቢሆኑ መጨረሻቸው አላማረም። በ2019 ማብቂያ 68 ዶላር ገደማ የነበረው አክሲዮን በኦክቶበር 2020 ከ500 ዶላር በላይ ወጣ። ኖቬምበር 9 ላይ ፋይዘር ክትባቱ ከ90 በመቶ በላይ ውጤታማ መሆኑን ሲያስታውቅ በአንድ ቀን 17 በመቶ ወረደ። በ2022 መጨረሻ ተመልሶ 68 ዶላር አካባቢ ነበር። የሚገርመው፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የኩባንያው ዓመታዊ ገቢ ከ623 ሚሊዮን ወደ 4.4 ቢሊዮን ዶላር አድጓል። ዙም አድጓል፤ በ500 ዶላር የገዛው ሰው ግን ከዚህም በላይ ያድጋል ብሎ ነበር የከፈለው።

ተረት፦ በጣም የወረደ አክሲዮን ርካሽ ነው

እውነታው፦ መንገደኛ ሲጠፋ መኪና አከራዩ ኸርትዝ ሜይ 22 ቀን 2020 የኪሳራ ጥበቃ እንዲሰጠው ፍርድ ቤት ጠየቀ። አክሲዮኑ ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ቤት የዋሉ አዳዲስ ገዥዎች ከአምስት ዶላር በላይ አደረሱት። ኩባንያውም አጋጣሚውን አይቶ ተጨማሪ አክሲዮን ሊሸጥ ተነሳ፤ በሽያጭ ሰነዱ ላይ «ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል» ብሎ በግልጽ እየጻፈ! ተቆጣጣሪው ጥያቄ ሲያነሳ ሽያጩ ቀረ።

ኩባንያ ሲከስር ከንብረቱ መጀመሪያ የሚከፈላቸው አበዳሪዎች ናቸው፤ ባለአክሲዮን የሚደርሰው የተረፈ ካለ ነው። በኸርትዝ ተረፈ፤ በ2021 መንገደኛ ተመልሶ የመኪና ዋጋ ሲንር የድሮዎቹ ባለአክሲዮኖች ገንዘብ አገኙ። ከዚያ በፊት ሥጋቱ እውነት አልነበረም ማለት ግን አይደለም፤ ዕጣ ወጣላቸው።

ተረት፦ ወርቅ በክፉ ቀን አይወርድም

እውነታው፦ በማርች 2020 ወርቅም ወርዷል። ጥሬ ገንዘብ የቸገረው ባለሀብት የሚሸጠው የሚወደድለትን ነው። በኦገስት ግን የአንድ አውንስ ዋጋ ከ2,000 ዶላር በላይ ወጣ።

ተረት፦ ብልህ ሰው ሲወርድ ይሸጣል፣ ሲረጋጋ ይገዛል

እውነታው፦ በሜሪላንድ የሚሠራ አንድ ኢትዮጵያዊ ፎር-ኦ-ዋን-ኬ በሚባለው የጡረታ ቁጠባው በፌብሩዋሪ 10,000 ዶላር ነበረው እንበል፤ ሁሉም በኤስ ኤንድ ፒ 500 የተቀመጠ። ማርች 23 ላይ 6,600 ሆኗል። የወረደው 34 በመቶ ነው፤ ለመመለስ ግን ከ51 በመቶ በላይ መውጣት አለበት። ያ ጭማሪ ደግሞ በእርጋታ አልመጣም፤ ማርች 24 ላይ ብቻ ዳው ጆንስ 11 በመቶ ዘለለ፤ ከ1933 ወዲህ ትልቁ የአንድ ቀን ጭማሪ ነበር። ሰኞ ሸጦ «ይረጋጋ» ያለ ሰው ማክሰኞን አላገኛትም።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን መጠበቅ ለሚችል ሰው ነው። ከሥራ ወጥቶ የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው መሸጡ የፍርሃት ጉዳይ አይደለም። የዚያ ዓመት የድጎማ ሕግም በወረርሽኙ ለተጎዱ ሰዎች ከጡረታ ቁጠባቸው እስከ 100,000 ዶላር ያለ ቅጣት እንዲያወጡ ፈቅዶ ነበር። ቁርጡን የሚወስነው የታማሚው ቁጥር ሳይሆን ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ነው።

ተረት፦ ዋጋው በየቀኑ የማይታይ አክሲዮን አይወርድም

እውነታው፦ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ማርች 13 ቀን 2020 ሲነገር አገሪቱ የአክሲዮን ገበያ አልነበራትም። የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው የሚያየው ቀይ ቁጥር ስላልነበረ ሀብቱ ያልተነካ መሰለው። ባንኮቹ ያበደሯቸው ሆቴሎች ግን እንግዳ አጥተው፣ የአበባ እርሻዎችም ገዥ አጥተው ነበር። ብሔራዊ ባንክ በዚያው ወር ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ለማቅረብ የወሰነው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ቁጥሩ አዲስ አበባም ላይ ይታያል። በዚያች ማርች 16 ኒው ዮርክ ላይ ዋጋው ቢናድም ገዥ ግን ነበር፤ ተመዝጋቢዎቹ ጥቂት በሆኑበት ጀማሪ ገበያ ሊሸጥ የወጣ ሰው ገዥ እስኪያገኝ ቀናት ሊጠብቅ ይችላል።