አንድ ድምፅ በየክፍሉ፦ ስለ ገመድ አልባ የቤት ድምፅ ሥርዓት የተደረገ ሕዝባዊ ገለጻ

የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በአንድ ቤት ሳሎን፣ መኝታ ክፍልና ማእድ ቤት የተቀመጡ ስፒከሮች አንድን ዜማ ያለ ገመድ፣ በአንድ ጊዜ እንዲያሰሙ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ብዙ ሰው ይህን የስፒከር ጥራት ወይም የዋይፋይ ጉልበት ጉዳይ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን ነገሩ ከሁሉ በፊት የሰዓት ጉዳይ መሆኑን ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ሁላችሁም ከምታውቁት ልጀምር። የእግር ኳስ ጨዋታ ሲተላለፍ ጎረቤት «ጎል!» ብሎ ይጮኻል፤ የእኛ ቴሌቪዥን ግን ኳሱን ገና መሀል ሜዳ ላይ ያሳያል። ጨዋታው አንድ ነው፤ የመጣበት መንገድ ግን ይለያያል። በየመንገዱ ምስሉና ድምፁ ይታመቃል፣ በትንንሽ እሽጎች ይከፋፈላል፣ ተጠራቅሞ ይጠብቃል፣ ከዚያም ይፈታል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ጊዜ ይበላል። በአንጻሩ ሁለት የቆዩ የኤፍ ኤም ራዲዮኖችን በሁለት ክፍል ከፍታችሁ ሸገር 102.1 ላይ ብታደርጓቸው ድምፃቸው ይገጥማል። ማንም አላስተካከላቸውም። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ይደርሳል፤ ራዲዮኑም ሳያጠራቅም ወዲያው ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። አሮጌው ራዲዮን በነጻ ይሰጠን የነበረውን መገጣጠም ዲጂታሉ ዘመን ወሰደብንና በሒሳብ መልሰን እንድንገነባው ተገደድን ማለት ነው።

ለመሆኑ ምን ያህል መገጣጠም ይበቃል? ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህም በአንድ ሚሊ ሴኮንድ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ 10 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ስፒከር የሚመጣ ድምፅ፣ መሣሪያዎቹ ፍጹም ቢናበቡ እንኳ፣ 29 ሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ደግነቱ ጆሯችን ቻይ ነው። ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 በጎቲንገን ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ንግግር ከሁለት አቅጣጫ ሲመጣና ሁለተኛው በጥቂት ሚሊ ሴኮንዶች ሲዘገይ፣ አእምሮ ሁለቱን አዋሕዶ አንድ ድምፅ ብቻ የሰማ ያህል ይቆጥረዋል፤ የመጣበትንም አቅጣጫ ቀድሞ በደረሰው ይወስናል። መዘግየቱ ወደ 30 ሚሊ ሴኮንድና ከዚያ በላይ እየሄደ ሲመጣ ግን ውሕደቱ ይላላል፤ የገደል ማሚቶም ይፈጠራል። በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ ቀኝና ግራ ሆነው ለሚሠሩ ሁለት ስፒከሮች መለኪያው እጅግ ይጠብቃል። የአንድ ሚሊ ሴኮንድ ልዩነት ብቻ የዘፋኙን ድምፅ ከመሀል ወደ አንድ ጥግ ይገፋዋል።

ይህ ለሙዚቃ አፍቃሪ የቅንጦት ጥያቄ ሊመስል ይችላል። በእኔ ቤት ግን እንዲያ አይደለም። አባቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። ጠዋት ዜና እየሰሙ ከመኝታ ክፍላቸው ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ይመላለሳሉ። ስፒከሮቹ ሳይናበቡ ሲቀሩ እኔ የምሰማው ትንሽ የሚያስተጋባ ድምፅ ነው፤ ቃሉ አያመልጠኝም። እሳቸው ግን «ሁለት ሰው ባንዴ የሚያወራኝ ይመስለኛል» ይላሉ፤ ከዚያም ድምፁ ከፍ እንዲል ያዝዛሉ። ከፍ ሲል ከሌላው ክፍል የሚመጣውም አብሮ ስለሚጎላ ነገሩ ይብሳል። የደከመ ጆሮ የሚሻው ጩኸት ሳይሆን ጥራት ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ጥራት ማለት ጊዜ ማለት ነው።

አሁን ወደ ችግሩ ሥር እንግባ። በእያንዳንዱ ዲጂታል መሣሪያ ውስጥ ምቱን የሚሰጥ የኳርትዝ ክሪስታል አለ። ርካሽ ክሪስታል ከእውነተኛው ልክ በሚሊዮን ጥቂት ዐሥር ክፍሎች ያህል መዛነፉ የተለመደ ነው። የሳሎኑ በሚሊዮን 30 ፈጥኖ፣ የመኝታ ክፍሉ በሚሊዮን 20 ዘግይቶ ቢሄድ፣ በመካከላቸው የ50 ልዩነት አለ። ይህ በደቂቃ 3 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ዜማውን እኩል ብታስጀምሯቸው በ10 ደቂቃ ውስጥ 30 ሚሊ ሴኮንድ ይራራቃሉ፤ በአንድ ሰዓት 180 ይደርሳል። በሁለት ክፍል ተዘግቶባቸው ሳይተያዩ የሚመቱ ሁለት ከበሮ መቺዎችን አስቡ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲሰሙ እንከን የላቸውም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን አይገናኙም። ስለዚህ «እኩል ማስጀመር» የሚለው መፍትሔ መፍትሔ አይደለም። መሣሪያዎቹን ሳያቋርጡ ማናበብ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የዋይፋይ ጠባይ ይጨመራል። አየሩ የጋራ ነው፤ እንደ ሽማግሌዎች ሸንጎ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። በዚህም ምክንያት አንዱ እሽግ በ2 ሚሊ ሴኮንድ ሲደርስ ቀጣዩ 80 ሊፈጅበት ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነገሮችን ማጣመር ነው። አንደኛው ቋት ነው፤ ስፒከሩ የደረሰውን ወዲያው ሳያሰማ ያጠራቅማል። ሁለተኛው በየእሽጉ ላይ የሚጻፍ የቀጠሮ ሰዓት ነው። አሰራጩ «ይህን ቁራጭ በዚህ ቅጽበት አሰማ» ብሎ ይልካል። እሽጉ ፈጠነም ዘገየ፣ ከቀጠሮው በፊት እስከ ደረሰ ድረስ ለውጥ የለውም።

ቀጠሮ ግን የጋራ ሰዓት ይጠይቃል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያውያን ለመረዳት ቅርብ ነን። እኔ «ጠዋት 2 ሰዓት» ስል አንድ የውጭ አገር እንግዳ 8 ይለዋል። ማንኛችንም አልተሳሳትንም፤ በመካከላችን የ6 ሰዓት ልዩነት መኖሩን እስካወቅን ድረስ ቀጠሯችን አይፋለስም። ስፒከሮችም እንዲሁ ናቸው። እውነተኛው ሰዓት ስንት እንደ ሆነ ማወቅ አያስፈልጋቸውም፤ ከአሰራጩ ሰዓት በምን ያህል እንደሚለዩ ማወቅ ይበቃቸዋል። ልዩነቱን የሚያገኙበት ዘዴ ዴቪድ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢንተርኔት ሰዓት ማስተካከያ ካስቀመጠው ሥርዓት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ስፒከሩ በራሱ ሰዓት 100 ላይ ይጠይቃል። አሰራጩ በራሱ ሰዓት 5203 ላይ ይቀበላል፤ 5204 ላይ ይመልሳል። መልሱ በስፒከሩ ሰዓት 107 ላይ ይደርሳል። ደርሶ መልሱ 7 ሚሊ ሴኮንድ ወስዷል፤ አንዷን አሰራጩ ዘንድ ስላሳለፈ ለመንገዱ 6 ይቀራል፤ ለአንዱ ጉዞ 3። ጥያቄው የደረሰው በስፒከሩ ሰዓት 103 ላይ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ 5100 ነው። ይህ ስሌት መሄጃውና መመለሻው እኩል ጊዜ ይወስዳሉ ብሎ ያምናል። በዋይፋይ ላይ ይህ ሁልጊዜ አይሆንም፤ ስለዚህ ልኬቱን ደጋግሞ ወስዶ መካከለኛውን መያዝ ይገባል።

ይህን ሁሉ በተግባር ለማየት ለተማሪ የምመክረው ስናፕካስት የተባለውን ነጻና ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ንድፉን ከፍቶ ማንበብ ይቻላልና። አሰራጩ ክፍል በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ተቀባዩ ክፍል ደግሞ በየክፍሉ በሚቀመጥ ራስበሪ ፓይ ወይም አገልግሎቱን በጨረሰ አንድሮይድ ስልክ ላይ። ከዚያ ድምፁ በተራ ገመድ ወደ አሮጌ ቴፕ ወይም ማጉያ ይገባል፤ ውድ ስፒከር መግዛት ግዴታ አይደለም። ሳይነካ ሲተው ቋቱ የአንድ ሴኮንድ ነው። ተቀባዩ ከቀጠሮው ትንሽ ሲያፈነግጥ አንዲት የድምፅ ናሙና በመጣል ወይም በመድገም ይታረማል። በሴኮንድ 48,000 ናሙናዎች ስላሉ አንዷ 0.02 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ናት፤ ጆሮ አያስተውላትም። በዚህ መንገድ መዛነፉ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 ሚሊ ሴኮንድ በታች ይሆናል።

የመረቡን ሸክም እናስላ። 48,000 ናሙና፣ በ16 ቢት፣ በሁለት መስመር፤ በሴኮንድ 1.536 ሜጋቢት። ለአምስት ክፍል ከ8 ሜጋቢት አይሞላም፤ ሲታመቅ ደግሞ ይቀንሳል። ዘፈኖቹ በራሳችሁ ዲስክ ላይ ካሉ ይህ ትራፊክ ከቤት ስለማይወጣ ከኢንተርኔት ፓኬጃችሁ አንዲት ኪሎባይት አይነካም። ታዲያ ለምን ይቆራረጣል? አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አሰራጩ ራሱ በዋይፋይ ሲገናኝ እያንዳንዱ እሽግ አየሩን ሁለት ጊዜ ይሻገራል፤ ወደ ራውተሩ አንድ ጊዜ፣ ወደ ስፒከሩ ሌላ ጊዜ። አሰራጩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ማገናኘት ብቻውን የጋራውን አየር ሸክም በግማሽ ያቀላል። በገመድ አልባ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ነገር አንድ ገመድ መሆኑ ያስቃል፤ ግን እንዲያ ነው። ሁለተኛ፣ ራቅ ብሎ ከወፍራም የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ጀርባ ያለ አንድ ተቀባይ ደካማ በሆነ ፍጥነት ስለሚያወራ የሁሉንም ጊዜ ይሻማል። ስለዚህ ጥገና የሚጀመረው ከከፋው ክፍል ነው። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ ይሰማችኋል፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 መካከል የተሻለ ጸጥታ ያለውን ቻናል ምረጡ፤ ግድግዳው ከፈቀደ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ሽሹ።

ከተገጠመ በኋላ መለካት አለበት። ሰዓቶቹ ቢናበቡም ድምፁ ከሶፍትዌሩ ወጥቶ አየር ላይ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል፤ በተለይ በብሉቱዝ የተያያዘ ስፒከር ከ100 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል። ሁለቱን ስፒከሮች ለጊዜው አንድ ክፍል ውስጥ አምጧቸው፤ መቅጃውን ለአንዱ አቅርባችሁ አጭር የጭብጨባ ድምፅ አጫውቱና ቅዱ፤ ከዚያ ለሌላው አቅርባችሁ ያንኑ ድገሙ። በኦዳሲቲ ከፍታችሁ በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ያለውን ርቀት ማንበብ ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ቅጂዎች የሚስማሙበትን ልዩነት በተቀባዩ ማስተካከያ ላይ በሚሊ ሴኮንድ ትሞላላችሁ። ይህን ሥራ በጆሮ ብቻ እሠራለሁ የሚል ብዙ ነው፤ እኔ ግን ቁጥሩን ማየት እመርጣለሁ።

የአንድ ሴኮንዱ ቋት የሚያመጣውን ገደብም ልጥቀስ። ለዘፈንና ለዜና አይጎዳም። ለቴሌቪዥን ግን ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ማይክሮፎን ይዞ ለሚናገር ሰው ደግሞ አይሆንም፤ የራሱን ድምፅ ከሴኮንድ በኋላ የሚሰማ ሰው አንደበቱ ይተሳሰራል። ለሠርግ ወይም ለተዝካር ድንኳን ይህን ሥርዓት ልትጠቀሙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ገመድ ዘርጉ።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን መግዛት ይሻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀርብልኛል። ሶኖስ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፣ አፕልም በ2018 በኤርፕሌይ 2 ይህን ችግር በሚገባ ፈትተዋል። ገንዘብ ላለውና ጊዜ ለሌለው ተገቢ ምርጫ ነው። ነገር ግን ስፒከር 20 ዓመት ይኖራል፤ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ግን የአምራቹን ፈቃድ ይጠብቃል። ሶኖስ በ2020 መጀመሪያ ቀደምት ምርቶቹ ከዚያ በኋላ አዳዲስ ማሻሻያ እንደማያገኙ ሲያስታውቅ ደንበኞቹ በብርቱ ተቆጥተው ነበር። ሎጂቴክ በ2012 ስኩዊዝቦክስ የተባለውን ምርቱን ሲያቆም ግን የአሰራጩ ሶፍትዌር ክፍት ስለነበር በጎ ፈቃደኞች እስከ ዛሬ ሕይወቱን አቆይተውታል። እዚህ ከተማ ውስጥ መለዋወጫና የአምራች ወኪል ማግኘት ቀላል አይደለምና፣ የእኔ ምርጫ ማጉያውና ስፒከሩ ተራ፣ የሚያናብበው አንጎል ደግሞ ከውጭ ተሰክቶ በቀላሉ የሚቀየር እንዲሆን ነው።

የመጨረሻው ነገር መብራት ነው። ራስበሪ ፓይ እስከ 4ኛው ትውልዱ ድረስ ባትሪ ያለው ሰዓት በውስጡ የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ኢንተርኔት ገና ካልመጣ፣ ሰዓቱ በብዙ ወደ ኋላ ቀርቶ ይነሣል። ቀደም ብዬ ልዩነቱን እንጂ እውነተኛውን ሰዓት ማወቅ አያስፈልግም ያልኩት እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ተቀባዩ ከአሰራጩ ጋር ያለውን ልዩነት እንደ ገና ለክቶ ሥራውን ይቀጥላል። የማይምረው የማኅደረ ትውስታ ካርዱ ነው፤ እየተጻፈበት ኃይል ሲቋረጥ ይበላሻል። የተቀባዮቹን ካርድ ለንባብ ብቻ እንዲሆን አድርጋችሁ አዋቅሩ፤ ለራውተሩና ለአሰራጩም አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ግጠሙ። በቀረው ጊዜ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ረድፍ እጅ ያወጣው ተማሪ ይጀምር።