ከእንግድነት ወደ ወዳጅነት፦ የውጭ አገር ተማሪን በጭውውት መቅረብ

አዲስ አበባን ከሚከብቡት ከተሞች መካከል ሰንዳፋ በደሴ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ ላይ ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ይነገራሉ። የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ነው። በመሆኑም ከሌላ አገር ለትምህርት የሚመጣ ወጣት ትምህርቱን ያለ ችግር ቢከታተልም፣ ከግቢው በር ሲወጣ ሳሙና ለመግዛት፣ ታክሲ ለማስቆም ወይም የጎረቤትን ሰላምታ ለመመለስ ቃል ያጥረዋል። ቃል ያጠረው ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ከመኝታ ክፍሉ መውጣቱን ይተዋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በብዙ አገሮች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ቀላል ዘዴ ይጠቀማሉ። አንድ የአገሬው ሰውና አንድ የውጭ አገር ተማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ቦታና ሰዓት ተገናኝተው ይጨዋወታሉ። ፈተናም ሆነ ክፍያ የለም። ግማሹ ጊዜ በአንደኛው ቋንቋ፣ ቀሪው በሌላው ቋንቋ ይሆናል። ሁለቱም በየተራ አዋቂና ጀማሪ ስለሚሆኑ አንዱ ረጂ፣ ሌላው ተረጂ ሆኖ አይቀርም።

እንዲህ ያለው መቀራረብ በኢትዮጵያ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ታሪክ ያሳያል። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ስምንት ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ ጉባኤ ተቀመጡ። በዚያው ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካ ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች አዲስ አበባ ገብተው ከኢትዮጵያውያን እኩዮቻቸው ጋር መማርና መኖር ጀመሩ። የብዙዎቹ አገሮች በወቅቱ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ ከተማሩት መካከል ናቸው።

ከዚያ በፊት ኢትዮጵያውያኑ ተማሪዎች፣ አገራቸው በቅኝ ግዛት ባለመያዟ፣ ራሳቸውን ከቀሪው አፍሪካ ለይተው የማየት ዝንባሌ ነበራቸው። እንግዶቹ ግን ስለ አገሪቱ ድህነትና ስለ ተማሪው ዝምታ በግልጽ ይጠይቁ ነበር። የኢትዮጵያን የተማሪዎች ንቅናቄ የመረመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ከንቅናቄው መነሻዎች መካከል ይህን የዕለት ተዕለት ጭውውት ይጠቅሳሉ። አስተናጋጁ እንግዳውን አገሩን ሊያሳየው ተቀምጦ፣ በእንግዳው ጥያቄ የገዛ አገሩን እንደ አዲስ ማየት ጀመረ።

ዛሬም ከውጭ ተማሪ ጋር የሚጨዋወት ሰው ስለ ራሱ የሚማረው ብዙ ነው። «መጣ» እና «መታ» በአንድ ድምፅ ብቻ እንደሚለያዩ አማርኛ ተናጋሪው አስቦት አያውቅም። የ«ጠ» ድምፅ ያልለመደ እንግዳ «ጓደኛዬ መጣ» ለማለት «ጓደኛዬ መታ» ሲል ግን ልዩነቱ ይገለጥለታል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። የአገሬው ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚለውን እንግዳው 8 ሰዓት ብሎ ይቆጥረዋል። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ለጠዋት ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ፣ የቀጠረውም ሰው «ንቆኝ ቀረ» ብሎ ሊቀየም ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ ወዳጅነት ትልቁ እንቅፋት፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ የእንግዳ አቀባበል ባህሉ ራሱ ነው። «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የመጣ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከበራል፤ ስህተቱ ግን አይታረምም። ጥቂት ቃላት በአማርኛ ሲሞክር «ጎበዝ! እኛን መሰልክ!» ይባልና ወሬው ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። ይሉኝታ ይዞት የማያርመው አስተናጋጅ ክብር የሰጠ ይመስለዋል፤ እንግዳው ግን ከዓመት በኋላም እዚያው ጥቂት ቃላት ላይ ይገኛል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ስለ እርማት መነጋገር ይበጃል። የተለመደው መንገድ ተናጋሪውን ሳያቋርጡ አዳምጦ፣ ሐሳቡን ሲጨርስ ሁለት ወይም ሦስት ስህተቶችን ብቻ ማንሳት ነው። እያንዳንዱን ቃል ማረም አፍ ያዘጋል። «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ ከሚመለስ ጥያቄ ይልቅ «እናንተ አገር ሠርግ እንዴት ይደገሳል?» የሚለው ረዘም ያለ መልስ ያስገኛል። ፖለቲካና ሃይማኖት እስኪተዋወቁ ድረስ ቢቆዩ ይሻላል። መገናኛውም ሁለቱም የማይሳቀቁበት ሰው የሚበዛበት ስፍራ ቢሆን ይመረጣል።

በሰንዳፋና በአካባቢዋ የውጭ ተማሪን የሚቀርብ ሰው የትኛውን ቋንቋ ላስለምድ የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። መልሱ ተማሪው በሚውልበት ቦታ ይወሰናል። የቤት አከራዩ በአፋን ኦሮሞ «አካም ቡልቴ» የሚሉት ከሆነ፣ ከ«እንዴት አደርክ» ጎን ያንንም መማሩ ደጃፉን ቀላል ያደርግለታል።

ለጭውውቱ አዲስ ሥርዓት መፍጠርም አያስፈልግም። የቡና ሥርዓት ጊዜን ከፋፍሎ ያስቀመጠ የንግግር መድረክ ነው። አቦሉን በእንግዳው ቋንቋ፣ ቶናውን በአገሬው ቋንቋ ተጨዋውቶ፣ በበረካው ላይ የዕለቱን እርማትና የሚቀጥለውን ቀጠሮ መነጋገር ይቻላል። ዋናው ነገር ቀጠሮውን አለማጠፍ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳን የሚጋብዝ ብዙ ነው፤ ፈተና በደረሰበት፣ የአገሩ ናፍቆት በጸናበት በአሥረኛው ሳምንት በሰዓቱ የሚገኝለት ሰው ግን ጥቂት ነው።