ጥሞናና ተመስጦ፦ የዝምታ ጸሎት በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት

የተመስጦ ጸሎት የሚባለው ምእመኑ ልመናውንና ምስጋናውን በቃል ከመዘርዘር ይልቅ በዝምታ ወይም አንዲት አጭር ቃል እየደጋገመ፣ የሚባዝን ልቡን ሰብስቦ በእግዚአብሔር ፊት የሚቆይበት የጸሎት ዓይነት ነው። በገዳማት ከ1,600 ዓመት በላይ ኖሯል። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ በስፋት የደረሰው ግን ካለፉት 50 ዓመታት ገደማ ወዲህ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምእመናንንና መምህራንን ለሁለት ከፍሏል። አንዱ ወገን ቤተ ክርስቲያን የዘነጋችውን ሀብት መልሳ እያገኘች ነው ይላል። ሌላው ወገን የቃሉ ቦታ በስሜትና በዘዴ እየተወሰደ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል።

ጥያቄው ለአርሲ ደጋ ሩቅ አይደለም። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጭላሎ ተራራ በስተ ሰሜን በስንዴ ማሳ ተከብባ የምትገኘው ኢተያ የሂጦሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። በአርሲ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ኦርቶዶክሳውያን ይከተላሉ፤ ወንጌላውያን በቁጥር ጥቂት ናቸው። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚኖር ወንጌላዊ ስለ ዝምታና ስለ ድግግሞሽ ጸሎት ሲሰማ፣ በውጭ አገር ከታተመ መጽሐፍ ይልቅ ቀድሞ የሚታወሰው የጎረቤቱ ጸሎት ነው። ስለዚህ ሌላው ዓለም በመጻሕፍት የሚከራከርበት ነገር እዚህ ከኑሮ ጋር የተያያዘ ነው።

የልማዱ ሥር

የተመስጦ ጸሎት ሥሩ የ4ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ በረሃ ነው። አባ እንጦንስና ከእርሱ በኋላ የተነሡት መነኮሳት እጃቸው ሰሌን ሲታታ አፋቸው መዝሙረ ዳዊትን ያነበንብ ነበር። የበረሃውን ትምህርት ወደ ምዕራብ ያሻገረው ዮሐንስ ካሲያን፣ የእግዚአብሔርን ርዳታ የምትለምን አንዲት የመዝሙር ጥቅስ ሳያቋርጡ መድገምን አስተማረ። በምሥራቅ ደግሞ የኢየሱስን ስም የያዘ አጭር ጸሎት ከትንፋሽ ጋር እያስማሙ መድገም ተስፋፋ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጎርጎርዮስ ፓላማስ ይህን ልማድ በነገረ መለኮት ተከላከለለት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የካርቱዚያን መነኩሴ ዳግማዊ ጊጎ የመጽሐፍ ቅዱስን ንባብ በአራት ደረጃ ከፍሎ ነበር፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በመጨረሻም በተመስጦ ማረፍ።

እነዚህ ሁሉ ከቅዱስ ቃሉ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ገመዱ የላላው በኋላ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ እንግሊዛዊ ጸሐፊ «ያለማወቅ ደመና» በተባለው መጽሐፉ፣ ሐሳብን ሁሉ ወደ ኋላ ትቶ በአንዲት አጭር ቃል ብቻ ወደ እግዚአብሔር መጠጋትን መከረ። የዛሬው ክርክር በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚህ መጽሐፍ ውርስ ላይ ነው።

ወደ ወንጌላውያን የገባበት መንገድ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ልማዱን ከገዳም አጥር ያወጡት የትራፒስት መነኮሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በታይላንድ ያረፈው አሜሪካዊው ቶማስ መርተን ስለ ተመስጦ የጻፋቸው መጻሕፍት በብዙ ምእመናን እጅ ገቡ፤ በመጨረሻ ዘመኑም ከቡድሂስት መነኮሳት ጋር ይወያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በማሳቹሴትስ በሚገኘው የስፔንሰር ገዳም ቶማስ ኪቲንግ፣ ዊልያም ሜኒንገርና ባዚል ፔኒንግተን «ያለማወቅ ደመና»ን መሠረት አድርገው ለተራው ምእመን የሚሆን ዘዴ አዘጋጁ። ዘዴው ቀላል ነው። ሰውየው አንድ ቃል ይመርጣል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሐሳብ በመጣ ቁጥር ወደ መረጠው ቃል በቀስታ ይመለሳል።

ለወንጌላውያን በሩን የከፈተው ኩዌከሩ ሪቻርድ ፎስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው መጽሐፍ 12 መንፈሳዊ ልምምዶችን ያስተምራል፤ የመጀመሪያው ማሰላሰል ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ የባፕቲስት ፈላስፋው ዳላስ ዊላርድ ስለ ልምምዶቹ የራሱን ሥራ አወጣ። የካቶሊኩ ካህን ሄንሪ ናውን መጻሕፍትም በፕሮቴስታንት አገልጋዮች ዘንድ በስፋት ተነበቡ። በዚህ መንገድ ዝምታ፣ የብቻ ጉዞ፣ መንፈሳዊ መሪ መያዝና የአራት ደረጃ ንባብ «መንፈሳዊ ምስረታ» በሚል ጥላ ሥር ሆነው ወደ ነገረ መለኮት ኮሌጆች ሥርዓተ ትምህርት ዘለቁ።

የተቃዋሚዎች ስጋት

ተቃውሞው በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በረታ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሬይ ያንገን መጽሐፍ ይህን ልማድ ከእምነት ወደ መራቅ የሚያደርስ ጉዞ አድርጎ አቀረበው። ሁሉም ተቺ በዚህ ልክ አይናገርም፤ ሆኖም ስጋቶቹን ማጤን ይገባል።

የመጀመሪያው ስጋት የቃሉ ሥልጣን ነው። ሰው ሐሳቡን ሁሉ ትቶ በልቡ የሚሰማውን እንደ እግዚአብሔር ድምፅ ከቆጠረ፣ የሰማውን በምን ይመረምረዋል? ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1537 ለተካሄደው የሽማልካልድ ስብሰባ ባዘጋጀው የእምነት ሰነድ፣ እግዚአብሔር መንፈሱን የሚሰጠው ከውጭ በሚመጣው በሚሰበከው ቃል በኩል መሆኑን አጥብቆ ጽፏል። ይህን የጻፈው በውስጣዊ መገለጥ ይመኩ የነበሩትን የዘመኑን ሰዎች እየተቃወመ ነበር። ከሉተራን ሚሲዮኖች የወጣችውና በ1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ደረጃ የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የዚህ ውርስ ተካፋይ ናት።

ሁለተኛው ስጋት መካከለኛነትን ይመለከታል። ጸሎት በክርስቶስ ስም ወደ አብ መቅረብ ከሆነ፣ አማኙን ወደ እግዚአብሔር የሚያቀርበው የመስቀሉ ሥራ ነው። ዝምታ፣ አቀማመጥ ወይም አተነፋፈስ ያንን ቦታ ከያዘ ጸጋ ወደ ዘዴ ይለወጣል።

ሦስተኛው ስጋት ከሌሎች ሃይማኖቶች ጋር መቀላቀል ነው። ይህ ስጋት የፕሮቴስታንቶች ብቻ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእምነት ትምህርት ጉባኤ በካርዲናል ዮሴፍ ራትዚንገር ፊርማ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1989 ባወጣው ደብዳቤ ከዜንና ከዮጋ የተወሰዱ ዘዴዎች ክርስቲያናዊ ጸሎትን ሊያዛቡ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ልማዱ ያደገባት ቤተ ክርስቲያን ራሷ ማስጠንቀቋ ነገሩን ከቀላል የወገን ጥል አውጥቶታል።

የደጋፊዎች መልስ

የፎስተር ወገኖች ባዶነትን ፈጽሞ አናስተምርም ይላሉ። የምሥራቅ ሃይማኖቶች አእምሮን ባዶ ያደርጋሉ፤ ክርስቲያናዊ ማሰላሰል ግን አእምሮን በእግዚአብሔር ይሞላል ብለው ይለያሉ። ኢየሱስ ራሱ ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብሎ ይጸልይ እንደነበር ያስታውሳሉ። ሉተርም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1535 ለፀጉር አስተካካዩ ለጴጥሮስ በጻፈው የጸሎት ምክር አባታችን ሆይንና አሥርቱን ትእዛዛት ሐረግ በሐረግ በልብ እያመላለሱ መጸለይን አስተምሯል።

መልሱ ክብደት አለው። ቃሉን ቀስ ብሎ ማንበብንና ስልክን አጥፍቶ ብቻ መቀመጥን ከዜን ጋር አንድ ማድረግ ፍትሕ አይሆንም። ችግሩ «ተመስጦ» የሚለው አንድ ስም ካሲያን የደገማትን የመዝሙር ጥቅስም፣ ትርጉም የለሽ ቃል ይዞ ሐሳብን ማጥፋትንም መሸፈኑ ነው። ስሙ አንድ በመሆኑ ብቻ ጤናማው በጥርጣሬ ይገፋል፤ ጤናማ ያልሆነውም በጤናማው ስም ይገባል።

በኢትዮጵያ ያለው መልክ

የኢትዮጵያ ወንጌላውያን የራሳቸው የዝምታ ልማድ አላቸው፤ ስሙም ጥሞና ነው። አማኙ ማለዳ ተነሥቶ አንድ ክፍል ያነባል፤ ምን ይላል፣ ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል፤ ከቻለ በማስታወሻ ይጽፋል፤ ከዚያ ይጸልያል። ልማዱ በተማሪዎች ኅብረቶችና በአጥቢያዎች ሥር የሰደደ ሲሆን ዝምታው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከተከፈተ መጽሐፍ ነው።

ሌላም የዝምታ ታሪክ አላቸው። በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1979 የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ፤ በ1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ መሪዎቿ ታሰሩ። ምእመናን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰብስበው ጎረቤት እንዳይሰማ በለሆሳስ ጸለዩ። ያ ዝምታ የስደት እንጂ የዘዴ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በዚያው ዘመን ብዙ እጥፍ አደገች። ሥርዓቱ ሲወድቅ ድምፁ ተለቀቀ። ዛሬ የአጥቢያዎች ጸሎት በአብዛኛው ድምፅ ከፍ ተደርጎ በአንድነት የሚጸለይ ነው። ሁካታው ያደከመው፣ በተለይም የተማረው ወጣት ዝምታን ቢፈልግ አያስገርምም።

ነገር ግን ዝምታን ከባሕር ማዶ ደራሲ የሚማር ወንጌላዊ አጠገቡ ያለውን የቆየ ቤት አልፎ ነው የሚሄደው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ትምህርት ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ይከፈላል። አራተኛው ጉባኤ ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን ያስተምራል። ሦስቱም ስለ አርምሞ፣ ስለ ተባሕትዎና ስለ ልብ ንጽሕና የተጻፉ ናቸው። ከአርሲ ደጋ በስተ ምዕራብ በዝዋይ ሐይቅ በቱሉ ጉዶ ደሴት ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም የዚሁ ሕይወት ምስክር ነው። ከኦርቶዶክስ ቤት የወጡ ወንጌላውያን መቁጠሪያንና 41 ጊዜ የሚደገመውን እግዚኦታ ትተው ሲመጡ የሰጡት ምክንያት ጸሎት ከልብ የሚወጣ ንግግር መሆን አለበት የሚል ነበር። ያው ድግግሞሽ በእንግሊዝኛ ስም ሲመለስ ሳይመረመር ከተቀበሉት፣ ወይ የቀድሞው ምክንያት እውነተኛ አልነበረም፣ ወይ ዛሬ ምርመራው ላልቷል።

የአርሲ ምእመን የሚሰማው

በአርሲ ጥያቄው ተጨማሪ ክብደት አለው። የፈጣሪን ስም በኅብረት እየደጋገሙ ልብን ማነሣሣት በሱፊ እስልምና ዚክር ይባላል። የአርሲ ኦሮሞ ምእመናን በባሌ ወደሚገኘው ድሬ ሼክ ሁሴን ለዘመናት ተጉዘዋል። በአርሲ ያለው፣ በሞሚና ስም የሚጠራው ፋራቃሳ ደግሞ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚስብ የስእለት ቦታ ሲሆን ከመናፍስት ጋር በተያያዘ ፈውስ ይታወቃል። ከእነዚህ ቤቶች ወደ ወንጌል የመጣ ሰው ድግግሞሽን፣ ዜማንና ራስን መልቀቅን በቅርብ ያውቃል፤ ብዙዎቹም ይህን ሁሉ ትተው የወጡ ናቸው። ለእንዲህ ያለ አማኝ አእምሮህን ክፍት ተወው የሚል መመሪያ በከተማ ጭንቀት ለደከመ ሰው የሚሰጠውን ትርጉም አይሰጥም። የተከፈተ በር ማን እንደሚገባበት ያሳስበዋል። መጋቢው ይህን ፍርሃት እንደ ኋላ ቀርነት ሊያየው አይገባም፤ በልምድ የተገኘ ጥንቃቄ ነውና።

ቃላቱ ራሳቸው የሚናገሩት

አማርኛ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚረዳ ልዩነት አለው። በመዝሙር 1 እና በኢያሱ 1 ማሰላሰል ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል ሐጋ ነው። ትርጉሙም ማነብነብ፣ በዝግታ ማጉረምረም ነው፤ በትንቢተ ኢሳይያስ ለአንበሳ ማጓራትና ለርግብ ማንጎራጎር ያው ግስ ገብቷል። ግእዙ በመዝሙር 1 «ያነብብ» ይለዋል፤ ነበበ በግእዝ ተናገረ ማለት ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ ቅዱስ ማሰላሰል ቃል በአፍና በልብ የሚመላለስበት ተግባር ነው።

«ተመስጦ» በሌላ መንገድ ይመጣል። በሐዋርያት ሥራ 10 ጴጥሮስ በሰገነት ላይ ሲጸልይ፣ በአማርኛው ትርጉም ተመስጦ «መጣበት» ተብሏል። ጴጥሮስ የሄደው ሊጸልይ ነው፤ ተመስጦውን የሰጠው እግዚአብሔር ነው። ራእዩም ግልጽ ትእዛዝና መልስ ነበረው። ጴጥሮስ የነገሩን ትርጉም ወዲያው አልተረዳም፤ ከቆርኔሌዎስ የተላኩት ሰዎች ከመጡ በኋላ ተገለጠለት። በምዕራፍ 11 ደግሞ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ለወንድሞች ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዳ፤ እነርሱም ሰምተው ተቀበሉት። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 12 ስለ መነጠቁ ሲናገር ለጉባኤው የመነጠቅ ዘዴ አላወረሰም።

መመርመሪያው

ከዚህ ተነሥቶ ለአጥቢያ ሽማግሌዎች የሚጠቅም መለኪያ ማውጣት ይቻላል። አንድ ልምምድ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቃሉ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አማኙ የሚታመነው በክርስቶስ ሥራ ነው ወይስ በልምምዱ ትክክለኛነት የሚለው ነው። ከዚያም ሰውየው ሰማሁ የሚለውን ለሌሎች አቅርቦ ለመመርመር ፈቃደኛ መሆኑ ይታያል። የጥሞና ልማድ እነዚህን ፈተናዎች ያልፋል፤ ቃሉን በዝግታ የሚያነብብ የአራት ደረጃ ንባብም ንባቡ እስካልጠፋ ድረስ ሊያልፍ ይችላል። ሐሳብን ለማጥፋት ብቻ የሚደገም ባዶ ቃል ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ይኸው መለኪያ ዝምተኛውን ብቻ ሊይዝ አይገባም። በኢትዮጵያ ወንጌላውያን መካከል ዛሬ ብዙ ጉዳት ያደረሰው በመድረክ ላይ ጌታ ተናገረኝ እያለ ሳይመረመር የሚነገር ትንቢት ነው። በጓዳ ዝምታ ውስጥ የተሰማ ድምፅና በማይክሮፎን የታወጀ ድምፅ ያው ችግር አለባቸው፤ ሁለቱም ከቃሉና ከወንድሞች ምርመራ በላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። በተመስጦ ላይ የሚጠነቀቅ አጥቢያ ትንቢትንም በተመሳሳይ ጥንቃቄ መመርመር ይኖርበታል፤ ጴጥሮስ እንኳ በኢየሩሳሌም ወንድሞች ፊት ቆሞ መልስ ሰጥቷልና።