ሦስቱ ነጥቦች የዋጡት ቃል

አንዲት እናት ቤታቸው ቡና እያፈሉ ስልካቸው ጮኸ እንበል። መልእክቱ ከኩፓት ሆሊም ነው፤ ደግነቱ በአማርኛ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ይኼ ብቻ ነው፦ «ነገ ለደም ምርመራው ከመምጣትዎ በፊት ቁርስ...»። እሳቸውም በባዶ ሆድ እንዳይደክሙ የታሰበላቸው ይመስላቸውና በማግስቱ ደህና አድርገው በልተው ይሄዳሉ። ነርሷ ትመልሳቸዋለች፤ ስንት ጊዜ የጠበቁት ቶርም ያልፋቸዋል።

የጠፋችው ቃል «አይብሉ» ነበረች።

ስልኩ ተቆልፎ ሳለ መልእክት የሚታይበት ቦታ ጠባብ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ለኮምፒውተሩ «እዚህ ከ30 ምልክት በላይ አይግባ፤ የተረፈውን ቁረጥና ሦስት ነጥብ አድርግ» ብሎ ያዘዋል። ኮምፒውተር ደግሞ ትእዛዝ ይፈጽማል እንጂ ትርጉም አይገባውም። ከላይ ያለችውን መልእክት የቆጠረ ሰው፣ ክፍተቱንም ነጥቦቹንም ጨምሮ፣ ልክ 30 ያገኛል።

በዕብራይስጥ ቢሆን ጉዳቱ ይቀንስ ነበር። «ሎ ሌኤኾል» ሲባል «ሎ»ው ይቀድማል፤ ጫፉ ቢቆረጥም ክልከላው ይተርፋል። አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ክልከላውም እዚያው ግሱ ውስጥ ነው ያለው። «ይብሉ»ንና «አይብሉ»ን የምትለያቸው አንዲት «አ» ናት። መቀሱ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው።

አቆጣጠሩም ራሱ ጣጣ አለው። «ጠጠር» እና «ነገር» ሁለቱም ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው፤ ግን ባለ ሦስት እግሩ «ጠ» ከ«ነ» ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በፊደል ቁጥር ብቻ የሚቆርጥ ፕሮግራም አንዴ ቦታ ያባክናል፣ አንዴ ከመስመሩ ይወጣል። ከዚህ የባሰውም በባይት መቁረጥ ነው። ባይት ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያኖርበት ትንሽ ቦታ ነው፤ ዛሬ በተለመደው አሠራር የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ፣ የዕብራይስጥ ሁለት፣ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። መቀሱ ከሦስቱ መሃል ሲገባ ፊደሉ ይሰበርና በቦታው የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ነገር ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ አልተበላሸም።

አጭር መልእክት ከጥንቱም በልክ የተሰፋ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባለ ጀርመናዊ ቦን ከተማ በጽሕፈት መኪናው የተለያየ ዓረፍተ ነገር እየጻፈ ቢቆጥር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ160 ምልክት አላለፈም፤ ልኩም 160 ሆኖ ቀረ። ይህ ግን ለላቲን ፊደል ነው። በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ባንድ መልእክት የሚገባው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ላኪውም ብዙ ጊዜ በየክፍሉ ስለሚከፍል ማሳጠሩን ይወዳል።

ጠንቃቃ ፕሮግራም ጻፊ ስፋቱን ለክቶ፣ ቃል ሳይሰብር ክፍተት ላይ ይቆርጣል። ያም ሆኖ ግሱን አያድነውም። ግሱን ማዳን የሚችለው መልእክቱን በአማርኛ የሚያዘጋጀው ሰው ነው፤ ከዕብራይስጡ ቃል በቃል መመለሱን ትቶ ዋናውን ነገር ማስቀደም አለበት። አባቶችና እናቶች ደግሞ ሦስት ነጥብ ሲያዩ መልእክቱ አላለቀም ማለት ነውና በጣት ነካ አድርጎ መክፈት፣ ካልሆነም የልጅ ልጅ ጠርቶ ማስነበብ ነው። ያቺ የደም ምርመራ መልእክት «ቁርስ አይብሉ። ነገ የደም ምርመራ አለዎት።» ተብላ ብትጻፍ ኖሮ 27 ምልክት ብቻ ስለሆነች ሳትቆረጥ ትገባ ነበር።