«አቶሚክ» ለሚለው የኮምፒዩተር ቃል አቻ ስለ መምረጥ

በካዛንቺስ ባለ አንድ ሕንጻ መግቢያ ላይ ባለ 8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር መኪና ይቆጥራል እንበል። ከ255 የሚበልጥ ቁጥር በአንድ ባይት ስለማይወሰን በሁለት ይቀመጣል፤ መሣሪያው ግን በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንዱን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የታችኛውን ባይት 255 ብሎ እንዳነበበ 256ኛው መኪና ደርሶ የማቋረጫ ጥሪው ቁጥሩን ቢለውጠው፣ በላይኛው ባይት የሚያገኘው 1ን ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ 511 ይሆናሉ፤ ቦታ እያለም «ሞልቷል» የሚለው ምልክት ሊበራ ይችላል።

ንባቡ በመካከሉ ሌላ ሳይገባበት እንደ አንድ ነገር መፈጸም ነበረበት። እንዲህ ያለው ክንውን «አቶሚክ» ይባላል። «አቶማዊ» ብንለው የአንባቢው ሐሳብ ወደ ቦምቡ ይሄዳል፤ የግሪኩ ቃል ፍቺ ግን «የማይቆረጥ» ነው። (ሰፈሩ ራሱ ምሳሌ ይሆነናል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከነበረው የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ድርጅት ምሕጻረ ስም «ካዛ ኢንቺስ» ተብሎ የመጣውን ቃል ዛሬ ከሁለት የሚከፍለው ተናጋሪ የለም።)

ከ«የማይቆረጥ» ወደ «የማይቋረጥ» መንሸራተት ቀላል ነው፤ ሥሩ አንድ ነውና። ልማዱም ይህን ይደግፋል። ለዚህ የሚሆን ልዩ ትእዛዝ በሌላቸው እንደ ኮርቴክስ ኤም 0 ባሉ መሣሪያዎች፣ ፕሮግራም ጸሐፊው የማቋረጫ ጥሪዎችን ለጥቂት ጊዜ ዘግቶ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ ጨምሮና መልሶ ጽፎ፣ የቀድሞውን ሁኔታ ይመልሳል። «ይመልሳል» እንጂ «ይከፍታል» አላልንም፤ ጥሪው አስቀድሞ ተዘግቶ ከነበረ እንደተዘጋ መቆየት አለበትና።

ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው አር ፒ 2040 በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት ኮርቴክስ ኤም 0 ፕላስ አንጎሎች አሉት። አንዱ የራሱን ማቋረጫ ቢዘጋ ሌላው አይታገድም፤ ያንኑ ቁጥር በዚያው ቅጽበት ሊነካው ይችላል። ክንውኑ አልተቋረጠም፤ ሆኖም ተከፋፍሏል። ስለዚህ ሠሪዎቹ 32 የሃርድዌር ቁልፎች ጨምረውበታል፤ አንዱ አንጎል ቁልፉን ሲይዝ ሌላው ይጠብቃል። «የማይቋረጥ» የሚለውን ስያሜ ተምሮ ያደገ ባለሙያ ማቋረጫውን ዘግቶ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ያሳሳተው ስያሜው ነው።

«የማይከፈል» የሚለውም አይበጅም፤ ዕዳን ያስታውሳል። ድግግሞሹን የያዘው «የማይከፋፈል ክንውን» ግን ፍቺውን ይጠብቃል፤ ለአንድም ለሁለትም አንጎል ይስማማል፤ እኔም እርሱን እመርጣለሁ።

ትእዛዙ የሌለውን መሣሪያ በፕሮግራም ማሠራትን «ማስመሰል» ያሉም አሉ። በአማርኛ አስመሳይ ሰው ግብዝ ነው፤ እዚህ ግን ዘዴው በትክክል ከተጻፈ ውጤቱ ከእውነተኛው አይለይም። «በፕሮግራም መተካት» ማለት ይሻላል።